በማንኩሳ በኩል ወደ ስታዲየም

ከቤቴ ወደ ታክሲ መያዣው ስሄድ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ኅዳር ሲጋመስ የበርበሬ ወረፋ ይበዛበታል፤ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያነጥሳል፣ ባለ በርበሬዎቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው የሌላ ሰው ዱቄት እንዳይቀላቀልባቸው በዓይናቸው ይጠብቃሉ። ዘንድሮ አንዲት እናት «የየት አገር በርበሬ ነው?» ብላቸው «የቡሬ ነዋ!» አሉኝ፤ ሌላ አገር በርበሬ የሚበቅል አይመስላቸውም። አዲስ አበባ መሀል ቆሜ ቡሬ ሲሉኝ ግን በሐሳቤ የመጣው ማጀትም ድስትም አይደለም። ኳስ ነው።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ላይ ከኮትዲቯር ጋር ሊጋጠም ነው ተብሎ ከፈረስ ቤት የተነሣ አንድ ቅጥቅጥ ሙሉ ሰው ፍኖተ ሰላምን አልፎ ወደ ቡሬ ሲያቀና፣ መንገዱ ዳርና ዳሩ ቀልቶ ነበር። በየደጁ፣ በሰሌኑ፣ በሸራው፣ በቆርቆሮው ላይ ሳይቀር በርበሬ ተሰጥቷል። ባንዲራ ለማውለብለብ መስኮቱን ሁሉ ከፍተነዋል። ነፋሱ የዛላውን ሽታ ይዞ ይገባል፤ የሚዘፍነው ያነጥሳል፣ ያነጠሰው «ይማርህ» ሲባል ሳቁ ዘፈኑን ያቋርጠዋል። ሾፌሩ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «መስኮት ዝጉ፣ ገደል ልከታችሁ ነው!» እያለ ይጮኻል። ማንም አልዘጋም።

ከፈረስ ቤት የወጣነው በዋዜማው ነበር። ደጋ ዳሞትን የማያውቅ ሰው ኅዳር ሌሊት ፈረስ ቤት ላይ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ገብሱ ውርጭ ለብሶ፣ ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ነው የሚነጋለት። ወደ ደምበጫ የሚወርደው መንገድ ጠጠር ነው፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ጣሪያ ይነካል። ወደ ታች በወረድን መጠን ደግሞ ልብስ እናወልቃለን፤ ደምበጫ ስንደርስ ጋቢው ሁሉ ተጠቅልሎ መቀመጫ ይሆናል። አስፋልቱን የረገጥን ዕለት ሁሉ አንድ ሰው «እልልል» ሳይል አያልፍም ነበር። ከተማ ገባን ማለት ነበር ለእኛ።

የመኪናውን መዋጮ የሚሰበስበው ልብስ ሰፊው ነው። ገንዘብ ለመሰብሰብ ከእሱ የተሻለ ሰው አልነበረም፤ የሁላችንም ሱሪ እሱ ዘንድ ነበረ። ያልከፈለ ሱሪውን አያገኝም። ባንዲራውንም የሚሰፋው እሱ ነው። አረንጓዴው ከተማሪ ዩኒፎርም ከተረፈ ጨርቅ ስለነበር ሁልጊዜ ጠቆር ይላል፤ ቢጫው የሐር መልክ አለው፣ ቀዩ ሲታጠብ ይለቃል። በዚያ ዕለት ላብና ዝናብ የነካው ሰው ሁሉ ማታ አንገቱ ቀልቶ ነው የተገኘው። እናቶቻችን ተጣልተን የመጣን መስሏቸው «ማነው የመታህ?» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዝናብ አልኩ። እዚህ ላይ ትዝታዬ ያሳስተኛል፤ ኅዳር 9 ዝናብ አልነበረም። ዝናቡ የሌላ ጉዞ ነው፤ ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከሌሶቶ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የተጫወትን ዕለት። ጨዋታው ያው ባሕር ዳር ስታዲየም ነበር። ክረምቱ ገብቶ ነበርና ከፈረስ ቤት ደምበጫ ያለውን መንገድ ግማሹን የሄድነው እየገፋን ነው። ጭቃ በጭቃ ሆነን ስታዲየሙ በር ላይ ስንደርስ የባሕር ዳር ልጆች «እናንተ ተጫውታችሁ ነው የመጣችሁት?» ብለው ሳቁብን። ሌሶቶንም 2 ለ 1 አሸነፍን፣ ኮትዲቯርንም 2 ለ 1 አሸነፍን። ያው ሜዳ፣ ያው ውጤት፣ ያው ሰው። ስለዚህ በእኔ ራስ ውስጥ ሁለቱ ጨዋታዎች አንድ ሆነዋል፤ በአንድ ቀን በርበሬውም አለ፣ ጭቃውም አለ። ቀኑን የለየሁት ካሌንደር አይቼ እንጂ አስታውሼ አይደለም። ጎሎቹን ማን እንዳገባ ስንከራከር አሁን ድረስ አንስማማም። የመንገዱን ግን አንድም የሚረሳ የለም፤ መኪናው የት እንደተያዘ፣ ማን ጫማውን ጭቃ ውስጥ ትቶ እንደወጣ፣ የቱ መንደር ላይ ገበሬዎች በሬ ፈትተው እንደጎተቱልን።

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ዛሬ ሳስበው ያን መንገድ የተማርኩት በኳስ ምክንያት ነው። ሽማግሌዎቻችን ፍኖተ ሰላምን ገና «ወጀት» በሚለው የድሮ ስሟ ነበር የሚጠሯት፤ «ወጀት ደርሳችሁ ማንጎ ሳታመጡ እንዳትመጡ» ይሉናል። ደጋ ላይ ማንጎ ብርቅ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ቀጥሎ ማንኩሳ ነው። ማንኩሳ ስንደርስ አንድ ወግ ነበረን፤ ከፊት የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ «በዛብህ!» ብሎ ይጣራል፣ መኪናው በሙሉ «አቤት!» ይላል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበም ያላነበበም አቤት ይላል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ማንኩሳን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ የለም፤ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የበዛብህ አባትና እናት፣ የኖሩባት አገር ናት። ለእኛ ግን ማንኩሳ ጎረቤት ናት፤ ሻይ ጠጥተንባታል፣ ጎማ ቀይረንባታል። አንድ ጊዜ ጎማ ስንቀይር አንዲት ባልቴት ጩኸታችንን ሰምተው ወጡና «ልጆቼ፣ የጠፋባችሁ ሰው አለ?» አሉን። ልብስ ሰፊው ፊቱን ሳያጣጥፍ «አዎ እማማ፣ ቆይቷል» አላቸው።

ቡሬ ላይ ተራው የታሪክ መምህሩ ነው። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ አድርገው ወደ ቡሬና ወደ ደብረ ማርቆስ የመጡበትን መንገድ ይተነትናል። ጣሊያን ምሽጉን የት እንደሠራ፣ አርበኛው በየት በኩል እንደመጣ፣ እንግሊዛዊው ዊንጌት በጥቂት ጦር ብዙውን እንዴት እንዳደናገረ። በየጉዞው ያው ታሪክ ነው። «ዛሬ ደግሞ ጣሊያን ያሸንፍ ይሆን?» ብለን እናበግነዋለን፤ እሱ ግን መናገሩን አይተውም። አሁን ሲገባኝ፣ በትምህርት ቤት አርባ አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚያስተምረውን ታሪክ ቦታው ላይ ሆኖ ሊነግረን የሚችለው በዚያ መስኮት ብቻ ነበር። ተማሪዎቹን ይዞ እንዳይመጣ በጀት የለም። ለኳስ ግን መኪና ይገኛል።

ከቡሬ በኋላ ቲሊሊ፣ ከቲሊሊ በኋላ ብርዱ እንደገና ይመለሳል፤ ጋቢው ከመቀመጫነት ወደ ልብስነት ይመለሳል። እንጅባራ ሳንደርስ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ውሃ። የሚገባበትም የሚወጣበትም ወንዝ በዓይን አይታይም። መጀመሪያ ያየነው ጊዜ ማንም ለተወሰነ ደቂቃ አልተናገረም፤ ከዚያ ሾፌሩ «ይኼን ሁሉ ውሃ ይዘው ነው ሰዎቹ ፎቶ ብቻ የሚያነሡበት?» አለና ጸጥታውን ሰበረው። እንጅባራ ላይ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ከመንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ። ከእኛ መሀል አንዱ ከጨዋታ ሲመለስ የቀርከሃ ወንበር ገዝቶ ሌሊቱን ሙሉ እሱ ላይ ተቀምጦ መኪናው መተላለፊያ ላይ መጥቷል። ወንበሩ እስካሁን አለ። ከእንጅባራ አዲስ ቅዳምና ዳንግላ፣ ከዚያ ዱርቤቴ፣ ወተት ዓባይ፣ መራዊ፤ ሙቀቱ እየጨመረ፣ የጣና አየር እየቀረበ።

የኮትዲቯሩ ቀን ከእኛ ጋር አንድ አባት ነበሩ። ባሕር ዳር ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የተሳፈሩት፤ ትኬት ተርፎ ስለነበር «አባ፣ ይግቡ እንጂ» ብለን ይዘናቸው ገባን። ከ50 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው፤ መወጣጫውን ሲጨርሱና ሜዳው ከነሰው ሲገለጥላቸው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «የማን ለቅሶ ነው?» አሉ በመጀመሪያ፤ ያን ያህል ሰው ሌላ የት አይተው ያውቃሉ። ቀጥለው ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡና ጨዋታውን ማጥናት ያዙ። ኮትዲቯር ሁለት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ የወሰደ አገር ነው፣ የእኛ ቡድን ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት በማዳጋስካር 1 ለ 0 ተሸንፎ ነው የመጣው ብለን አስረዳናቸው። ኳስ የያዘው ልጃችን ከሁለት ተከላካይ አምልጦ ሲወጣ ብድግ አሉ። «አያችሁት! ይኼ እኮ ጉግስ ነው። በጉግስ የሚያባርር ብቻ አይደለም የሚወደስ፤ ጋሻውን መክቶ፣ ጎኑን አዙሮ ዘንጉን ያስቀረም ይወደሳል» አሉን። ከዚያ በኋላ የእኛ ተጫዋች ኳስ ሲቀማ ሳይሆን ሲያመልጥ ነው የሚያጨበጭቡት። አጠገባችን ያለው ደጋፊ ግራ ገብቶት ያያቸዋል።

በእሳቸው ምክር ነው በኋላ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የወረድነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዐድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ በየዓመቱ በጊዮርጊስ ዕለት ይወጣል። አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። እኛም የፈረስ አገር ልጆች ነን፤ ፈረስ ያላየን አይደለንም፤ ጥምቀት ላይ ጉግስ ሲገጠም አድገናል። ነገር ግን ያን ያህል ፈረስ በአንድ ሜዳ ላይ፣ ግላሱ ተነጥፎ፣ ልጓሙ በቀይና በቢጫ ክር አጊጦ፣ ባለቤቱ ከፈረሱ እኩል ለብሶ አይተን አናውቅም። ሲመጡ መጀመሪያ የሚሰማው እግርህ ነው፤ መሬቱ ይርዳል። ኮርቻ ላይ ቆሞ የሚጋልብ አለ፤ ሰጋሩን ወተት ሳይፈስ የሚያስኬድ አለ። እዚያ ሜዳ ትኬት የለም፣ መብራት የለም፣ ዳኛ በካርድ አይመጣም። ተሸናፊ ሲያልፍ ግን ሰው ስሙን ጠርቶ ያበረታታዋል። የታሪክ መምህራችን ያን ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ከእንጅባራ ስንመለስ ከቲሊሊ ወደ ሰከላ ገባን፤ ግሽ ዓባይን ለማየት። ዓባይን ባሕር ዳር ድልድዩ ላይ አይተነዋል፤ ጢስ ዓባይ ላይ ሲወድቅም አይተነዋል። ሲወለድ ግን አላየነውም። ቦታው የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ነው፤ ጻድቁ ለውሃው አደራ የሰጧቸው መጻሕፍት ዓመታት ቆይተው ሳይርሱ ተመለሱ ተብሎ የሚተረክበት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚያ ደርሶ ከምንጩ እየቀዳ ለንጉሡ ለጊዮርጊስ ሦስተኛ ጤና ጠጥቷል፤ እሱ ከመምጣቱ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ቄስ አይቶት ነበር። ይህን ሁሉ መምህሩ ነግሮን በኩራት ስንቀርብ ጠባቂው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን። «ቀምሳችኋል?»

የእንጅባራው ድንች ገና ከንፈራችን ላይ ነበር። የበላ ወደ ጠበሉ አይቀርብም። ተማፀንን፤ አልሰማንም። ከመሀላችን ያልበላ ሾፌሩ ብቻ ነው፤ ጥርሱን ሲያመው ስለዋለ ድንቹን አልነካም። እኛ ከሩቅ ሣር ላይ ተቀምጠን እሱ ጫማውን አውልቆ ገባ። ከዚያ ርቀት የሚታየው ረግረግና ሣር፣ በመሀሉም የሰው ጀርባ ነው፤ የዓባይ መነሻ ይኼ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ያስቸግራል። ሲመለስ ፕላስቲኩን ሞልቶ፣ ጉንጩን አርሶ፣ ዓይኑ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። «ምን ይመስላል?» ስንለው «ትንሽ ናት» አለ። «በእፍኜ ያዝኋት።» ጥርሱ እንደተወው እስከ ደምበጫ ድረስ ሲምል ነበር። ፈረስና ዓባይ ልናይ ተሳፍረን፣ ዓባይን ያየው ሾፌሩ ብቻ ሆነ።

የኳስ ጉዟችን እንዴት እንደቀረ ሳስበው በአንድ ቀን አልቀረም። በ2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከተማ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ ሰኔን ወይም ኅዳርን መጠበቅ ቀርቶ ለክለብ ጨዋታም መጓዝ ጀመርን። በ2012 ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ ሌላ ሆኖ ተመለሰ፤ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንት መጫወት፣ ከዚያ ወደሌላው ከተማ ማለፍ ጀመሩ፤ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ለክለቡ ገቢ ነው፣ ለተጫዋቹ መታየት ነው፤ አልቃወምም። ለእኛ ግን «በሜዳችን» የሚባል ነገር ጠፋ። ከኮትዲቯር ላይ የወሰድነው ነጥብ ተቆጥሮ ብሔራዊ ቡድናችን ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አለፈ፤ እኛም ለማለፉ ድርሻ እንዳለን ቆጥረን ነበር። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም አለ። ከዚያ ወዲህ ሜዳችን ጆሃንስበርግ ሆነ፣ ሊሎንግዌ ሆነ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ ነው። ማላዊ። በሕይወቴ ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን እጠብቅ ነበር፤ ዳዋ ሆቴሳ አንዱን፣ ሽመልስ በቀለ ሌላውን ሲያገቡ ያየሁት አዲስ አበባ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ልብስ ሰፊው ከፍኖተ ሰላም ደወለ፤ ስልኩ ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ከቴሌቪዥኑ ይበልጣል። «ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ» አለ። «ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ» አልኩት። ሌላ አላወራንም።

ከዚያም የመንገዱ የራሱ ተራ ደረሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ጓደኞቼ በየቦታቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲመጣ ሲሄድ ቆየ። ዛሬ ስንገናኝ የምንጠያየቀው ውጤት አይደለም። «መንገዱ እንዴት ነው?» «እስከ ደምበጫ ደኅና ነው ይላሉ።» «ከደምበጫ ወዲያስ?» ሾፌሩ ቅጥቅጡን ሸጧል። መምህሩ ደብረ ማርቆስ ነው። ልብስ ሰፊው አሁንም ይሰፋል፤ የባንዲራ ሥራ ግን የለውም።

ፈረስ ቤት አንድ የእህቴ ልጅ አለ፤ የኳስ ነገር ሲነሣ እንቅልፍ የለውም። የእንግሊዝን ስታዲየሞች ስማቸውንም፣ ስንት ሰው እንደሚይዙም ይነግርሃል፤ ስልኩ ውስጥ ሁሉም አለ። ዘንገናን አላየም። ማንኩሳን በመጽሐፍ ነው የሚያውቃት። አጎቶቹ በእሱ ዕድሜ ስንት ጊዜ የተመላለሱበትን አገር እሱ የሚያውቀው እኛ ስናወራለት ነው። አልፈርድበትም፤ ቤቱ ቁጭ ያለው ሰንፎ አይደለም። እኛ ኳስ ወደድን እንጂ አገር እንይ ብለን አልተነሣንም፤ ጨዋታው ሩቅ ስለሆነ አገሩ በመሀል ተገኘ። ለእሱ ጨዋታው እጁ ላይ ነው፣ በመሀል የሚገኝ ነገር የለውም።

ባለፈው ደውሎ «ጋሼ፣ የባሕር ዳር ስታዲየም ታድሶ ካፍ ቢፈቅድ ትወስደኛለህ?» አለኝ። እወስድሃለሁ አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ቀላል ነው፤ የስታዲየሙ ነገር ሣርና መብራት፣ መልበሻ ክፍልና ወንበር ነው፤ ገንዘብ ካለ ይሠራል። የቀረው ግን በካፍ እጅ አይደለም። ከፈረስ ቤት ተነሥቶ በሰላም ባሕር ዳር የሚያደርስ መንገድ እስካልኖረ ድረስ ለእሱ ሊሎንግዌም ባሕር ዳርም እኩል ሩቅ ናቸው።